አገልግሌ ስምንት ወር ሞላው፤ ምሳዬም መጥፋት አቆመ

ባለፈው ህዳር ከእናቴ ጋር ቅዳሜ ገበያ ወርደን አንድ አገልግል ገዛን። ከዚያ ወዲህ ሥራ ቦታ፣ ጥምቀት፣ ጎርጎራ፣ ሁለት ለቅሶ ቤት ይዤው ሄጃለሁ። አንዴ ጠፍቶ ተገኝቷል። አንዴ ከሰው አገልግል ጋር ተለዋውጧል። አንዴ ደግሞ እንቁላል ደብቆ ቤተሰብ ሊያጣላ ነበር። ስምንት ወር ቀላል አይደለም፣ ዕቃውን በደንብ አውቄዋለሁ። ለመግዛት የምታስቡ ካላችሁ ጥሩውንም መጥፎውንም ሳልደብቅ ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ለምን እንደገዛሁት። ምሳዬ እየጠፋ አስቸግሮኝ ነው።

የምኖረው ጎንደር ማራኪ ነው፣ የምሠራው አዘዞ። ለምሳ ቤት መመለስ አይታሰብም። በየቀኑ ምግብ ቤት ልብላ ብትሉ ደግሞ ደሞዝ አይበቃም። ስለዚህ እንደ ሁሉም ሰው ፕላስቲክ ምሳ ዕቃ ይዤ እሄድ ነበር። ባለፈው ዓመት ብቻ ሦስት ጊዜ ጉድ ሆንኩ። አንዱን ታክሲ ውስጥ ከእግሬ ሥር አስቀምጬው ወረድኩ፣ በዚያው ቀረ። ፌስታል ውስጥ ያለ ፕላስቲክ ማን ልብ ይለዋል? ረዳቱም ቆሻሻ መስሎት ጥሎት ይሆናል።

ሁለተኛው የሆነው የመሥሪያ ቤታችን ፍሪጅ ውስጥ ነው። ይሄኛው እስከ ዛሬ ይገርመኛል። ስሜን ፕላስተር ላይ ጽፌ ክዳኑ ላይ ለጥፌያለሁ። እናቴ ሌሊት ተነስታ የሠራችው ምስር ነው፣ ከጎመን ጋር። ስድስት ሰዓት ላይ ሄጄ ሳየው ዕቃው አለ፣ ስሜም አለ፣ ምስሩ የለም። ዕቃው ታጥቧል! በሳሙና ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ክዳኑ ተገጥሞ የነበረበት ቦታ ተመልሷል። ማን እንደበላው አልታወቀም። እኔ ግን ያን ቀን ሙሉ አብሬያቸው ቡና የምጠጣቸውን ሰዎች አንድ በአንድ ስጠረጥር ዋልኩ። ከምስሩ የበለጠ ያስከፋኝ እሱ ነው።

ሦስተኛው ይብሳል። ጳጉሜ ማለቂያ ላይ ሽሮ ይዤ ሄድኩ። ምሳ ሰዓት ሲደርስ አንዷ ባልደረባችን የልጇ ክርስትና ነው ብላ ሁላችንንም ይዛን ወጣች። ሽሮዬን መሳቢያ ውስጥ ቆልፌበት ሄድኩ። ከዚያ እንቁጣጣሽ መጣ፣ ቅዳሜና እሁድ ተከተለ። ስንመለስ ክፍሉ ይሸታል። አይጥ ሞቶ ነው ተባለ። እትዬ የምንላቸው የጽዳት ሠራተኛችን ከዘበኛው ጋር ሆነው ያንን የብረት መደርደሪያ ከነፋይሉ ጎትተው አወጡት። ከሥሩ የተገኘው አንድ ማበጠሪያ፣ ሁለት እስክሪብቶና ከዓመት በፊት የጠፋ የቁልፍ ዘለላ ነው። አይጥ የለም። መስኮት ተከፈተ፣ እጣን ተጨሰ፣ ሽታው ግን ወይ ፍንክች። በሦስተኛው ቀን ማስመሪያ ፈልጌ መሳቢያዬን ከፈትኩት። የምሳ ዕቃው ክዳን እንደ ፊኛ ተነፍቷል። እትዬ ወገባቸውን ያማቸዋል፣ ያን ሁሉ ብረት ያስጎተትኳቸው እኔ ነኝ። ይቅርታ ልጠይቅ ሄድኩ። "ተይው ልጄ፣ ማበጠሪያዬን አገኘሁ አይደል?" አሉኝ።

እናቴ ይህን ስትሰማ ነው አገልግል ካልገዛን ያለችው። "ምግብሽ የሚጠፋው ዕቃው ስለማይታይ ነው" አለች። "አገልግል ይዞ የረሳ ሰው አላውቅም።"

ገበያ ስትሄዱ ማልዳችሁ ሂዱ፣ ረፋድ ላይ ጥሩ ጥሩው ተመርጦ ያልቃል። የሸጠችልን ሴት 1,800 ብር አለችን። እናቴ ትታ ሄደች፣ ተጠራች፣ ተመለሰች፣ ደግሞ ትታ ሄደች፣ በመጨረሻ በ1,400 ተስማሙ። ክርክሩ እኔን አድክሞኛል፣ እነሱ ግን ሲለያዩ ተሳስመው ነው።

የእናቴን አመራረጥ ግን ልብ ብዬ አይቻለሁ። ክዳኑን ገጠመችና ከላይ ብቻ ይዛ አነሳችው። አፉ ልቅ ከሆነ ሥሩ እየተንሸራተተ ይወርዳል። ከዚያ የውስጡን ስፌት በአውራ ጣቷ ገፋ ገፋ አደረገችው። አክርማው ጠበቅ ተደርጎ የተሰፋ ከሆነ አይሰምጥም። መጨረሻ ላይ አፍንጫዋን አስገብታ አሸተተች። በደንብ ያልተፋቀ ቆዳ ይሸታል፣ ሽታውም እንጀራው ላይ ይወጣል። ሦስቱን ጥላ አራተኛውን አነሳች።

ቤት ገብተን ወዲያው ምግብ አልጨመርንበትም። ሁለት ቀን ጥላ ውስጥ ከፍታ አናፈሰችው፣ በወይራ አጠነችው፣ ቆዳውን በቅቤ አሸችው። የመጀመሪያ ቀን ሥሩ ላይ የኮባ ቅጠል አነጠፈችበት። ይህን ሁሉ የምዘረዝረው ሳታዘጋጅ የተጠቀመችበት ጎረቤታችን የሳምንት እንጀራዋ ሁሉ ፍየል ፍየል ብሏት ስለነበር ነው። አትቸኩሉ።

አገልግል ውስጥ የሚገባ ምግብ ደግሞ ወግ አለው። ቀጭን ወጥ አይሆንም፣ በስፌቱ ሰርጎ ቆዳው ላይ ይቀራል። እንጀራው ይዘረጋል፣ ወፈር ያለ ወጥ ይቀባል፣ ይታጠፋል፣ በላዩ ሌላው ይከተላል። ምሳ ሰዓት እስኪደርስ እንጀራው ወጡን ጠጥቶ ልስልስ ይላል። እኔ ከትኩሱ አስበልጠዋለሁ። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች አየሩም ያግዛል። ጠዋት የታሰረ ሽሮ እስከ ማታ ተበላሽቶብኝ አያውቅም።

አሁን ወደ ሥራ ቦታ ልመለስ፣ ምክንያቱም የተገዛው ለዚያ ነው። አገልግል ፍሪጅ ውስጥ አይገባም፣ ቆዳው ይደርቃል። ስለዚህ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩት። ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ አገልግል አይደበቅም። የሚገባው ሁሉ "ዛሬ ምን አለ?" ይላል። ጠፍሩን ለመፍታት ሁለት እጅና ትዕግስት ይጠይቃል። ማንም ሰው ሹልክ ብሎ ገብቶ፣ ጠፍር ፈትቶ፣ በልቶ፣ መልሶ አስሮ አይወጣም። ክዳኑ ሲነሳ ደግሞ ሽታው ኮሪደሩን ይሞላዋል፣ ከዚያ ወዲያ "ኑ እንብላ" አለማለት ነውር ነው። ሌላውም ያለውን ይዞ ይመጣል። አንዱ ጥብስ፣ አንዷ ቃሪያ፣ እትዬ ዳቦ። ምሳዬ አሁንም ያልቃል፣ ግን እያየሁት ነው የሚያልቀው፣ እኔም የሰው እበላለሁ። በስምንት ወር ውስጥ አንድ ጉርሻ አልተሰረቀብኝም። ምስሬን የበላው ሰው ዛሬ ከእኛ ጋር እጁን ሰዶ እየበላ ይሆናል። ይብላ፣ ደስ ይለኛል።

እናቴ "አገልግል የረሳ ሰው አላውቅም" ያለችው ግን እስከ መጋቢት ድረስ ብቻ ነው የሠራው። ለአክስቴ የተላከ የጾም ምግብ ይዤ ባጃጅ ተሳፈርኩ። ፒያሳ ስወርድ ስልክ እያወራሁ ነበር። ባጃጁ ሲነሳ ነው እጄ ባዶ መሆኑ የታወቀኝ። ሮጥኩ፣ አልደረስኩም። ታርጋውን አላየሁም። ምን ላድርግ ብዬ እዚያው ቆምኩ። ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይቶ አንድ ባጃጅ ከነሦስት ተሳፋሪው መጥቶ አጠገቤ ቆመ። ሦስቱም በአንድ ድምፅ "እሷ ናት!" ይላሉ። ሹፌሩ ልጅ እግር ነው። "እህቴ፣ ምግብ ጥለሽ የት ትሄጃለሽ? እዚሁ ነው የምትቆመው ብዬ ነው የተመለስኩት" አለኝ። ለካ እያንዳንዱ የሚሳፈር ሰው "ይሄ አገልግል የማን ነው?" እያለ ሲጠይቀው፣ ሥራ መሥራት አቅቶት ነው። ፌስታል ቢሆን ማን ይጠይቀዋል? ጠፍሩን ፈትቼ አንድ እጥፍ እንጀራ አወጣሁለት። መሪውን እንደያዘ በላ። አክስቴ አንድ እንጀራ ጎደለ ብላ አልተቀየመችም።

የከተራው ግን ከሁሉም ይበልጣል። ጎንደር ከተራ ላይ ያልነበራችሁ ካላችሁ፣ ጥር 10 ታቦታቱ ከየደብራቸው ወጥተው ወደ ፋሲለደስ መዋኛ ይወርዳሉ፣ እዚያው ያድራሉ። ገንዳው አስቀድሞ በቀሃ ወንዝ ውኃ ይሞላል። ዩኔስኮ በ2012 ዓ.ም. የመዘገበው በዓል ነው፣ ሰዉ ከየአገሩ ይመጣል፣ ጠጠር መጣያ ቦታ የለም። እኛም ጋቢያችንን ይዘን፣ ሥራቸው ግንቡን አቅፎ ከያዘው ከእነዚያ ዛፎች አጠገብ ቦታ ያዝን። ዕለቱ ገሃድ ነው፣ የሚጾም ነው። እናቴ ለማታ ሽሮና ድንች በአገልግሉ አድርጋ ይዛለች።

ማታ ልንበላ ጠፍሩን ስፈታ የቅቤ ሽታ ፊቴን መታኝ። ክዳኑን አነሳሁት። ቋንጣ ፍርፍር ነው! በቅቤ የራሰ፣ ኮረሪማው የሚሸት፣ እስከ አፉ የሞላ። የእህቴ ልጆች ዓይናቸው ፈጠጠ። እናቴ ክዳኑን ከእጄ ነጥቃ መልሳ ከደነችው። "የሰው ነው፣ በዚያ ላይ ገሃድ ነው!" አለች። አጠገባችን የነበረ ቤተሰብ እቃውን ሰብስቦ ወደ ሌላ ቦታ ሲዛወር የእኛን አንስቶ የራሱን ትቶልን ሄዷል። ሁለቱም አንድ ዓይነት አገልግል ነው። ቁመቱ፣ ቀለሙ፣ ጠፍሩ ሳይቀር።

ሌሊቱን ሙሉ ያንን ቋንጣ ይዘን አደርን። ልጆቹ በዳቦ ቆሎና በሽምብራ አደሩ። ሳትበላ ያደረችው እናቴ ናት፣ እሱም በራብ አይደለም። "እነዚያ ሰዎች እኮ ነገ በበዓል ቀን አገልግሉን ሲከፍቱ ቀዝቃዛ ሽሮ ነው የሚያገኙት" እያለች በሐሳብ ነው ያደረችው። ቅዳሴውን እያዳመጠች መሃል ላይ ዞር ትልና "ምን ይሉን ይሆን?" ትለኛለች።

ጠዋት ጸበል ከተረጨ በኋላ ልንፈልጋቸው ተነሳን። በዚያ ሕዝብ ውስጥ ሰው መፈለግ መርፌ መፈለግ ነው። እናቴ ግን በር በሩን ያዘች፣ አገልግሉን ከፍ አድርጋ እንደ ጥላ ይዛ። አንዲት ሴት ከሩቅ አይታን እየሮጠች መጣች፣ እሷም የእኛን ከፍ አድርጋ ይዛለች። ተገናኙና ሁለቱም በአንድ ጊዜ ይቅርታ መጠየቅ ጀመሩ። እነሱም አልነኩትም። "ማታ ልንበላው ስንል ጠፍሩ አተሳሰሩ የእኛ አይደለም አልን፣ የሰው ምግብ ደግሞ እንዴት ይበላል?" አለች። እነሱም ማታውን ቆሎ በልተው ነው ያደሩት። ከዚያማ መለያየት የለም፣ ሁለቱም ተከፍቶ እዚያው ሳር ላይ ተቀመጥን። ዘጠኝ ሰው ነበርን። ቋንጣው አለቀ። የሚገርመው ሽሮውም አለቀ።

ስለዚህ ምክሬ፦ አገልግላችሁን ምልክት አድርጉበት። እናቴ በማግስቱ ክዳኑ ጫፍ ላይ ቀይ ክር ሰፋችበት።

ጎርጎራ የሄድነው ከፋሲካ በኋላ ነው። ከጎንደር 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ደብረ ሲና ማርያምን ተሳልመን ጣና ዳር ምሳ እንበላለን ተብሎ ነው። በዓለ ሃምሳ ስለነበረ ጾም የለም፣ እናቴ ዶሮ ሠራች። ሰባት ሰው፣ ሰባት እንቁላል። ቆጥራ ነው የጨመረችው፣ እኔም አብሬ ቆጥሬያለሁ። ሐይቁ ዳር ተቀምጠን ብልቱ ሲታደል እንቁላሉ ስድስት ሆነ። ሁሉም ወደ እህቴ ትንሹ ልጅ ዞረ። መኪና ውስጥ አገልግሉን እግሩ ላይ አድርጎ የመጣው እሱ ነው። "አልበላሁም" አለ። "እውነቱን ተናገር" ተባለ። "አልበላሁም!" አለና አለቀሰ። አጎቴ "ተዉት፣ ልጅ ነው፣ እንቁላል ምን አላት" አሉ፣ ይሄ ደግሞ በላህ ማለት ነው። እናቴ የራሷን ለአጎቴ ሰጠች። ልጁ የራሱን እንቁላል ሳይነካ ትቶት ተነሳ። መንገዱን ሙሉ መስኮት መስኮት እያየ ነው የተመለሰው።

ማታ ቤት ገብተን አገልግሉን ልጠርግ ሥሩ ላይ የተነጠፈውን እንጀራ አነሳሁት። ያ እንጀራ ወጡን ለመያዝ የሚነጠፍ ነው፣ ሁልጊዜ ትርፍ ሆኖ ይቀራል። ከሥሩ፣ ስፌቱ ወደ ላይ በሚታጠፍበት ጥግ፣ ሰባተኛው እንቁላል ተቀምጧል። በመንገዱ መንገጫገጭ ተንሸራትቶ ገብቶ ጠፍጠፍ ብሏል፣ የአክርማው ምልክት መስመር መስመር ሆኖ ታትሞበታል። ለእናቴ አሳየኋት። ምንም አልተናገረችም። ጠዋት ተነስታ ሁለት እንቁላል ቀቀለች፣ ልጣጩን አንስታ በርበሬና ጨው አደረገችበት፣ በሳህን ይዛ የተኛበት ክፍል ገባች። በሩ ገርበብ ብሎ ስለነበር አያታለሁ። አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብላ "ይቅር በለኝ የኔ ጌታ፣ አያትህ ተሳስታለች" አለችው። አንዱን በላ። ሁለተኛውን ለእሷ አጎረሳት።

እንቁላል የምትጨምሩ ከሆነ ሥሩ ላይ አታድርጉት፣ ከላይ አድርጉት። ይሄ የዕቃው ጥፋት ነው ባልልም ጥጉ ጥልቅ መሆኑን እወቁት።

ጉድለቱን ልጨርስላችሁ። ማንገቻው ጠፍር በአራተኛው ወር ላይ ተበጠሰ። ቆዳ የሚሠራ ሰው ዘንድ ወስጄ 150 ብር ከፍዬ አሠራሁት፣ ከመጀመሪያው ይልቅ ጠንክሯል። በውኃ አይታጠብም፣ በእርጥብ ጨርቅ ጠርጎ ማድረቅ ነው፣ ይሄ ለቸኮለ ሰው ሥራ ነው። ታክሲ ላይ ቦታ ይይዛል። አንድ ረዳት "ለእሱም ሒሳብ ይከፈላል" ብሎኝ ያውቃል፣ ከፈልኩም። ትኩስ ምግብ ለሚፈልግ አይሆንም። ወጥ ብቻውን ለመውሰድም አይሆንም።

ትልቁ ችግር ክረምቱ ነው። ሰኔ ከገባ ጀምሮ ቆዳው ይረጥባል፣ ለሳምንት ሳልከፍተው ቁም ሳጥን ውስጥ ትቼው ነጭ ነጭ ሻጋታ አወጣ። እናቴ በእሳት ዳር አድርቃ እንደገና በወይራ አጥናዋለች፣ አሁን ደህና ነው። ግን ክረምት ላይ ሳይከፈት ከሁለት ቀን በላይ አይቀመጥ። ቅቤ ስለተቀባ አይጥም ይወደዋል፣ ከፍ አድርጋችሁ ስቀሉት።

በ1,400 ብር ሦስት ፕላስቲክ ምሳ ዕቃ ይገዛል፣ አውቃለሁ። እኔ ሦስቱንም ሞክሬያቸዋለሁ። አሁን ለሁለተኛ ጊዜ ልገዛ ነው፣ ለእህቴ ልጅ ትምህርት ቤት የሚይዛት ትንሿን። ሰሞኑን ያች የከተራዋ ሴት እናቴ ዘንድ ደውላ ነበር፣ ከጥር ወዲህ ይደዋወላሉ። እሷም አገልግሏ ላይ ክር ልትሰፋበት ነው፣ ሰማያዊ። የሚቀጥለው ከተራ ላይ አጠገብ ለአጠገብ ልንቀመጥ ተስማምተዋል፤ ሽሮው ከእኛ፣ ቋንጣው ከእነሱ።